ዘረኝነት በአእምሮ ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና ከትራውማ ጋር ያለው ግንኙነት

ዘረኝነት የሰውን ክብር ከመንካት አልፎ ጤናን የሚጎዳ በደል ነው። በቆዳው ቀለም፣ በዘሩ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት የተዋረደ፣ አገልግሎት የተከለከለ ወይም የተደበደበ ሰው፣ ድርጊቱ ካለፈ ከረጅም ጊዜ በኋላም እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃት፣ ንዴት፣ ተስፋ መቁረጥና ራስን ዝቅ አድርጎ ማየት ሊያጋጥሙት ይችላሉ። ጉዳቱ ሲከፋ በሕክምና ቋንቋ ትራውማ ወደሚባለው የአእምሮ ቁስል ሊደርስ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ዘረኝነት በአእምሮ ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ከትራውማ ጋር ያለውን ግንኙነት፣ በእስራኤል የሚኖረው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ያለፈበትን ሁኔታ፣ እንዲሁም ተጎጂዎች ሊያገኙት የሚችሉትን የሕክምናና የሕግ አገልግሎት ይገልጻል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘረኝነት የሚገለጥባቸው መንገዶች

አሜሪካዊቷ የኅብረተሰብ ጤና ሐኪም ካማራ ጆንስ በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ዘረኝነትን በሦስት ደረጃዎች ከፍለው አሳይተዋል። ክፍፍሉ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ይረዳል።

• ተቋማዊ ዘረኝነት፦ በመሥሪያ ቤቶች አሠራር፣ በመመሪያ ወይም በልማድ ውስጥ የተቀመጠ አድልዎ ነው። አንድ ክፉ ሰው መኖሩ ግድ አይደለም፤ ሁሉም ሠራተኛ «እኔ መመሪያውን ነው የተከተልሁት» እያለ በደሉ ሊቀጥል ይችላል።

• በሰዎች መካከል የሚፈጸም ዘረኝነት፦ ስድብ፣ ድብደባ፣ ከቤት ኪራይ ወይም ከሥራ መከልከል፣ እንዲሁም በየዕለቱ የሚያጋጥሙ ጥቃቅን ንቀቶችን ይጨምራል። እዚያው አገር የተወለደ ወጣት «ቋንቋውን እንዴት ጥሩ አድርገህ ትናገራለህ» ሲባል፣ በገበያ ማዕከል መግቢያ ላይ የአንዲት ሴት ቦርሳ ብቻ ተነጥሎ ሲበረበር፣ በሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ እንደ ጽዳት ሠራተኛ ስትቆጠር የሚደርሰው ይኸው ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ቼስተር ፒርስ በ1970 ለእነዚህ ጥቃቅን ጥቃቶች የራሳቸውን ስያሜ የሰጧቸው፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ መስለው ቢታዩም ሲደጋገሙ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርሱ ለማስገንዘብ ነበር።

• ወደ ውስጥ የገባ ዘረኝነት፦ የተናቀ ሰው ንቀቱን አምኖ ሲቀበለው የሚፈጠር ነው። ኬኔት እና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ በአሜሪካ ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶችን አቅርበው ነበር። ብዙዎቹ ሕፃናት ነጩን አሻንጉሊት «ጥሩ»፣ ቡናማውን «መጥፎ» ብለው መርጠዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ሕፃናትን በዘር ለያይቶ ማስተማርን ሲከለክል ይህን የመሰሉ ጥናቶችን ጠቅሷል።

በአእምሮና በአካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ሰውነት አደጋ ሲሰማው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ አእምሮ ለመሸሽ ወይም ለመመከት ይዘጋጃል። አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለሳል። ዘረኝነትን ከሌላ ጭንቀት የሚለየው አደጋው አልፏል ለማለት አለመቻሉ ነው። የቆዳ ቀለም ቤት ውስጥ ተትቶ የሚወጣ ነገር ስላልሆነ፣ ተጎጂው በአውቶቡስ፣ በሥራ ቦታ፣ በልጁ ትምህርት ቤት ሳይቀር ተጠንቅቆ መቆየትን ይለምዳል። ሰውነትም ሊያርፍ በሚገባው ሰዓት ነቅቶ ያድራል።

ሌላው አድካሚ ነገር ጥርጣሬ ነው። ለሥራ አመልክቶ መልስ ያላገኘ ሰው «ችሎታዬ አንሶ ነው ወይስ በመልኬ ምክንያት?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። እርግጠኛ መልስ የማይገኝለት ጥያቄ በቀን ብዙ ጊዜ ሲመላለስ የማሰብና የማተኮር አቅምን ይወስዳል።

በ2015 የታተመና 293 ጥናቶችን ያጠናቀረ ሰፊ ግምገማ፣ ዘረኝነት የሚደርስባቸው ሰዎች ለድባቴ፣ ለጭንቀትና ለሌሎች የአእምሮ ጤና ችግሮች የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ግንኙነቱ በአካላዊ ጤናም ላይ ታይቷል፤ ይሁን እንጂ ይበልጥ የጎላው በአእምሮ ጤና ላይ ነው።

አማርኛ ተናጋሪዎች፣ በተለይም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ይህን ሕመም ብዙውን ጊዜ በአካል ቋንቋ ይገልጹታል። «ጨጓራዬ ይቃጠላል»፣ «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤ ይደነግጣል»፣ «ሰውነቴ ይዝላል» ይላሉ። የሕክምና ምርመራ ምንም ሳያሳይ ሲቀር ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ በሕይወት ላይ የደረሰውን ነገር መጠየቅ፣ ታካሚውም ሳያፍር መናገር እንዳለባቸው የሚያመለክት ነው።

ዘረኝነት ትራውማ የሚሆነው መቼ ነው?

ትራውማ ሰው ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ የሆነ አስደንጋጭ ነገር በአእምሮ ላይ የሚተወው ቁስል ነው። ከትራውማ በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ሕመም የራሱ መለያዎች አሉት፦ ክስተቱ ሳይፈለግ በሐሳብ ወይም በቅዠት እየተመለሰ ያስጨንቃል፤ ተጎጂው ክስተቱን ከሚያስታውሱት ቦታዎችና ሰዎች ይሸሻል፤ ስለ ራሱና ስለ ዓለም ያለው አመለካከት ይጨልማል፤ ሁልጊዜም ንቁና ደንጋጭ ይሆናል። እነዚህ ምልክቶች ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና የዕለት ተዕለት ኑሮን ካወኩ ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ይህ ሕመም አለ የሚለው ለሞት፣ ለከባድ የአካል ጉዳት ወይም ለወሲባዊ ጥቃት መጋለጥ ሲኖር ነው። በዘረኝነት ምክንያት የተደበደበ ወይም በመሣሪያ የተፈራረቀ ሰው በዚህ መለኪያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከመዝናኛ ቦታ በር የተመለሰ ወይም በመምህሩ የተዋረደ ሰው ግን መለኪያውን ላያሟላ ይችላል፤ ምልክቶቹ ግን ሊመሳሰሉ ይችላሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ካርተር በ2007 ይህን ክፍተት በማንሳት፣ በዘረኝነት የሚደርሰው ስሜታዊ ጉዳት እንደ ሕመም ከመታየት ይልቅ ከውጭ የደረሰ ጉዳት ተብሎ እንዲታወቅ ሐሳብ አቅርበዋል። ልዩነቱ ለተጎጂው ትልቅ ትርጉም አለው። ሕመም «ምን ነካህ?» ያሰኛል፤ ጉዳት ግን «ማን ምን አደረሰብህ?» ያሰኛል።

ዘረኝነት ከትራውማ ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች በአብዛኛው አራት ናቸው።

• አንድ ከባድ ክስተት፦ ድብደባ፣ ዛቻ ወይም በሕዝብ ፊት የሚፈጸም ውርደት።

• መደጋገም፦ ትናንሽ በደሎች ሲጠራቀሙ። ጠብታ ውኃ ድንጋይ እንደሚበሳ ሁሉ፣ የመጨረሻው በደል ትንሽ ቢሆንም የሚነካው ቀድሞ የተሸረሸረውን ነው።

• በሌሎች ላይ የደረሰውን ማየት፦ በ2018 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ መሣሪያ ያልያዙ ጥቁሮች በፖሊስ ሲገደሉ በዚያው ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ሌሎች ጥቁሮች የአእምሮ ጤና እንደሚጎዳ አሳይቷል። ተመሳሳይ ጉዳት በነጮች ላይ አልታየም።

• የቀድሞ ቁስል መቀስቀስ፦ ቀድሞ ስደት፣ ጦርነት ወይም የቤተሰብ ሞት ያሳለፈ ሰው አዲስ በደል ሲደርስበት የቆየውም አብሮ ይነሳል።

የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ያለፈበት ሁኔታ

አራቱም መንገዶች በእስራኤል በሚኖረው የኢትዮጵያ ተወላጅ ማኅበረሰብ ሕይወት ውስጥ ተገናኝተዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሺህ ሰዎች ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነሥተው ሌሊት ሌሊት በእግር ወደ ሱዳን ተጓዙ። በመንገድና በሱዳን የስደተኞች ካምፖች በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍቶች ምክንያት 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ብዙዎች የወላጆቻቸውንና የልጆቻቸውን አስከሬን በሥርዓት ሳያለቅሱ ቀብረው ጉዟቸውን ቀጥለዋል። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ የቆመው ለእነዚህ ሟቾች ነው።

ከዚህ ጉዞ የተረፉት ሰዎች ቁስላቸውን የቻሉት «ኢየሩሳሌም ስንደርስ እናርፋለን» በሚል ተስፋ ነበር። ከደረሱ በኋላ ግን አይሁድነታቸው ጥያቄ ውስጥ ገባ፤ በ1985 ብዙዎች በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃውሟቸውን አሰሙ። የልጆች ስም በብዛት በዕብራይስጥ ስም ተተካ። በባዕድ አገር የሚደርስ ንቀት ያማል፤ «ቤቴ ነው» ብለው በመጡበት አገር የሚደርስ ንቀት ግን ለደረሰው መከራ ሁሉ ትርጉም ይሰጥ የነበረውን ተስፋ ይነካል።

በጥር ወር 1996 አንድ ጋዜጣ፣ የኢትዮጵያ ተወላጆች የለገሱት ደም ለጋሾቹ ሳያውቁ ለዓመታት ሲደፋ መቆየቱን ይፋ አደረገ። ምክንያት ሆኖ የቀረበው የኤች አይ ቪ ስጋት ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ሺዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ። በአማርኛ ደም ዝምድና፣ ሕይወትና ቃል ኪዳን ነው። ደም መለገስ «እኔም የዚህ ሕዝብ አካል ነኝ» የማለት ያህል በመሆኑ፣ የደሙ መደፋት የሰውየውን ማንነት እንደ መጣል ተቆጠረ። ጉዳቱን ያከበደው በይፋ እየተቀበሉ በስውር መጣሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሌላ አገልግሎትም ላይ እምነት መጣል ከባድ ሆኗል።

በ2015 የደንብ ልብስ የለበሰ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደር በሆሎን ከተማ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። በሰኔ ወር 2019 መጨረሻ ደግሞ በሐይፋ አካባቢ በቂርያት ሐይም አንድ ወጣት ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ የፖሊስ አባል ጥይት ሕይወቱ አለፈ። ሁለቱም ክስተቶች በመላ አገሪቱ ሰላማዊ ሰልፎችን አስነሥተዋል። በእነዚያ ሳምንታት ብዙ እናቶች ወንዶች ልጆቻቸው ማታ ከቤት በወጡ ቁጥር እንቅልፍ ማጣታቸውን ተናግረዋል። በልጁ ላይ ምንም ባይደርስም የእናት ጭንቀት እውነተኛ ጉዳት ነው።

በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ ባቀረበው ሪፖርት፣ በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ተቋማዊ ዘረኝነት መኖሩን በይፋ አረጋግጧል። በሪፖርቱ መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ዘረኝነትን የመከላከል ሥራን የሚያስተባብር የመንግሥት ክፍል ተቋቁሟል። በደልን በይፋ ማመን ብቻውን በደሉን አያስቀርም። ሆኖም ለዓመታት «አንተ ነህ እንዲህ የመሰለህ» ሲባል ለኖረ ሰው፣ የደረሰበት ነገር እውነት መሆኑ መረጋገጡ የመዳን አንዱ ክፍል ነው።

«ሆድ ይፍጀው» እና በቤተሰብ ውስጥ የሚያስከትለው ችግር

በባህሉ ችግርን በሆድ መያዝ የብስለት ምልክት ነው። ሆደ ሰፊ ሰው ይከበራል፤ ቶሎ የሚናገር ሰው ግን ምስጢር የማይችል ተደርጎ ይታያል። ይህ ትዕግሥት ማኅበረሰቡን በብዙ መከራ ውስጥ አሳልፎታል፤ ስለዚህ በንቀት ሊታይ አይገባም። ነገር ግን «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የተተወ በደል ሁልጊዜ አያልቅም። አንዳንዴ በሕመም፣ በመጠጥ ወይም በቤት ውስጥ ቁጣ ይወጣል።

ዝምታው በወላጆችና በልጆች መካከል ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ወላጅ ልጁን ላለማስጨነቅ በሥራ ቦታ የደረሰበትን አይናገርም። ልጅም ወላጁን ላለማሳዘን በትምህርት ቤት የተሰደበውን ይደብቃል። ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ተመሳሳይ ሸክም ለየብቻ ይሸከማሉ። ልጁ ማብራሪያ ሲያጣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለወላጆች የሚከተለውን ይመክራሉ፦

• ልጅ ስለ ደረሰበት ነገር ሲናገር እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፤ «ተወው፣ እርሳው» ብሎ አለማቋረጥ፤

• ጥፋቱ የተሳዳቢው እንጂ የልጁ አለመሆኑን በግልጽ ቃል መንገር፤

• «አንተ ምን አድርገህ ነው?» በሚል ጥያቄ አለመጀመር፤

• የቤተሰቡን ታሪክ፣ የአያቶችን ጉዞና ጀግንነት፣ እንደ ስግድ ያሉ በዓላትን ትርጉም ለልጆች ማስተላለፍ። ማንነቱን የሚያውቅና የሚያከብር ልጅ ንቀትን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው።

የባለሙያ እርዳታ እንደሚያስፈልግ የሚጠቁሙ ምልክቶች

• ክስተቱ በሐሳብ ወይም በሕልም እየተመላለሰ ማስጨነቅ፤

• ከአንድ ወር በላይ የቆየ እንቅልፍ ማጣት ወይም የምግብ ፍላጎት መቀነስ፤

• ከሥራ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሆስፒታል ወይም ከመሥሪያ ቤት መሸሽ፤

• በትንሽ ነገር መደንገጥ ወይም መቆጣት፤

• ምክንያቱ ያልታወቀ የራስ፣ የሆድ ወይም የደረት ሕመም፤

• የአልኮል መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ መጨመር፤

• ስለ ራስ ወይም ስለ ማኅበረሰቡ የጥላቻ ስሜት፤

• በልጆች ላይ የትምህርት ውጤት መውረድ፣ ዝምታ፣ ቆዳን ወይም ፀጉርን መጥላት፤

• የመኖር ፍላጎት ማጣት። ይህ ምልክት ሲታይ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሕክምና አገልግሎት

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና የሚሰጠው በጤና መድን ድርጅቶች (ኩፓት ሖሊም) በኩል ነው። አገልግሎቱ በሕግ በተደነገገው የጤና አገልግሎት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ለመጀመር ከቤተሰብ ሐኪም ጋር መነጋገር በቂ ነው። በሕክምና ክፍሉ የሚነገረው ነገር በ1996 በወጣው የታካሚዎች መብት ሕግ መሠረት ምስጢርነቱ የተጠበቀ ነው፤ ያለ ታካሚው ፈቃድ ለአሠሪም ሆነ ለዘመድ አይነገርም፤ ከዚህ የተለየ የሚሆነው በሕግ በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ነው።

ለትራውማ ውጤታማነታቸው የተረጋገጠ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ በትራውማ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን እንዲሁም በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዝ ሕክምናን መክሯል። መድኃኒት የሚታዘዘው ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ነው። ታካሚው ስለ ዘረኝነት ሲናገር ባለሙያው ጉዳዩን ካቃለለው፣ ሌላ ባለሙያ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል።

የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚዎች ቋንቋና ባህል ተስማሚ አገልግሎት እንዲሰጡ አዟል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ አስተርጓሚ መጠየቅ ተገቢ ነው። ልጅን ለአስተርጓሚነት መውሰድ አይመከርም፤ ወላጅ በልጁ ፊት ሁሉንም መናገር ይቸገራል፣ ልጁም ከዕድሜው በላይ የሆነ ሸክም ይሸከማል። ከሕክምናው ጎን ለጎን ቄሶችንና ሽማግሌዎችን ማማከር ለብዙዎች ብርታት ይሰጣል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መብትና አቤቱታ

በ2000 የወጣው ሕግ በአገልግሎት አሰጣጥ፣ በሸቀጥ ሽያጭና ወደ መዝናኛና ሕዝባዊ ቦታዎች በመግባት ረገድ በዘርና በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ፍርድ ቤት ጉዳት መድረሱ በማስረጃ ባይረጋገጥም እስከ 50,000 ሰቅል ካሳ ሊወስን ይችላል፤ መጠኑ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል። በሥራ ቦታ የሚፈጸም አድልዎ በ1988 በወጣው የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ፣ በትምህርት ቤት የሚፈጸመው በ2000 በወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ፣ በሕክምና ተቋም የሚፈጸመው ደግሞ በታካሚዎች መብት ሕግ የተከለከለ ነው።

አቤቱታ እንደ ጉዳዩ ዓይነት በሚከተሉት ቦታዎች ይቀርባል፦

• ለማንኛውም የዘረኝነት ጉዳይ፦ በፍትሕ ሚኒስቴር ዘረኝነትን የመከላከል ሥራን ለሚያስተባብረው የመንግሥት ክፍል፤

• ለሥራ ጉዳይ፦ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፤

• በፖሊስ አባል ለተፈጸመ ወንጀል፦ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ላለው የፖሊስ አባላት ምርመራ ክፍል (ማሐሽ)፤

• በሌላ ሰው ለተፈጸመ ድብደባ ወይም ዛቻ፦ ለፖሊስ።

አቤቱታ ለማቅረብ ያልወሰነ ሰውም ቢሆን ክስተቱን በዚያው ቀን ቢጽፈው ይጠቅመዋል፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተነገረውን ቃል እንደ ተነገረ፣ የነበሩ ምስክሮችን። ደብዳቤ፣ መልእክት፣ ፎቶግራፍና የሐኪም ማስረጃ ካሉ አብረው ይቀመጡ። ጽሑፉ በአማርኛ ሊሆን ይችላል። የአቤቱታ ሂደት ጊዜ ሊወስድና ቁስሉን መልሶ ሊነካ ስለሚችል፣ ተጎጂው በሂደቱ ሁሉ የሚያምነው ሰው አብሮት ቢኖር ይመረጣል። ሕክምና ለመጀመር የአቤቱታውን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም።

አስቸኳይ እርዳታ ሲያስፈልግ

ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ከባድ ጭንቀት ሲያጋጥም በስልክ ቁጥር 1201 የኤራን የስሜት የመጀመሪያ እርዳታ ማግኘት ይቻላል። ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሲኖር አምቡላንስ በ101፣ ፖሊስ በ100 ይጠራል። የታመመን ሰው ብቻውን አለመተውና እርዳታ እስኪደርስ አብሮ መቆየት ለቤተሰብም ለጎረቤትም የሚመከር ነው።